የሎውማን ብቻውን አልወጣም

ስለ ጃማይካዊው ዘፋኝ የሎውማን የተጻፈውን፣ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተውን ጽሑፍ ሦስት ወዳጆቼ ላኩልኝ። ሦስቱም «አንብበው፣ አንጀት ያርሳል» ብለው ነው የላኩት። ጽሑፉ ጥሩ ብዕር አለው፤ ጸሐፊው ሰውየውን ከልባቸው እንደሚወዱትም ያስታውቃል። የእኔ አንጀት ግን አልራሰም። የአንድን ሰው ሕይወት ካበቀለው ሠፈር ነቅለው፣ መጨረሻ ላይ በእኛው ከተማ በድሃ ሠፈር የሚያድጉ ልጆች የሚገሠጹበት አለንጋ አደረጉት። አጎቴ ከጅዳ ባመጣው ካሴት ይህን ሰው ስሰማ ያደግሁ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ዊንስተን ፎስተር፣ ኋላ የሎውማን የተባለው፣ በ1950ዎቹ አልቢኖ ሆኖ ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ወላጆቹ ስላላሳደጉት በኪንግስተን የሕፃናት ማሳደጊያዎች አደገ። ጸሐፊው እንደሚሉት ማንም ሳያግዘው፣ በራሱ ብርታት ብቻ የዳንስሆል፣ ማለትም በሸክላ ሙዚቃ ላይ እየገጠሙ የሚያዜሙበት የጃማይካ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ፣ ንጉሥ ሆነ። ሠፈሩ ከጥይትና ከስድብ በቀር የሰጠው ነገር የለም። ዳንስሆል ራሱ «በሌላ ሰው ዜማ ላይ መለፍለፍ» ነው፤ ያውም ከአሜሪካ ራፕ የተኮረጀ፤ ኢትዮጵያን ሲያወድስ የኖረው የሬጌ ውድቀትም ነው። እሱ ግን በዚህ ተራ ነገር እንኳ ዓለምን አሸነፈ፤ ሠርቶ በላ፣ ከበረ። እናም ችሎታ ያለው ሰው ከየትም ይወጣል፤ ያልወጣ ወይ ችሎታ የለውም ወይ ሰነፍ ነው፤ የአዲስ አበባ የድሃ ሠፈር ልጆችም አትነጫነጩ።

ከሚያስማማን ልጀምር። ስለ ልጁ መከራ የተጻፈው እውነት ነው፤ እንዲያውም አንሷል። በጃማይካ አልቢኖን «ዱንዱስ» ይሉታል፤ ቃሉ ሲወረወር ይቆጠቁጣል። ፀሐይ በማትጠፋበት ደሴት ላይ ቆዳው ፀሐይ ለማይችል ሰው ጎዳናው ራሱ ጠላት ነው። የሎውማን በዚህ ላይ ያደረገው ነገር ድፍረት ይባላል ብሎ ማለፍ አይበቃም። የተሰደበበትን ቀለም ስሙ አደረገው። ቢጫ ልብስ ለብሶ መድረክ ወጣና እኔ መልከ መልካም ነኝ፣ ሴቶች የሚሻሙት እኔን ነው እያለ ዘፈነ። ቀድሞ ሊስቅበት የመጣው ሕዝብ አብሮት ሳቀ፤ ቆይቶም አበደለት። ይህን ማንም አልሰጠውም፤ ይህ የራሱ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ምንም ባልጻፍኩ።

«ማንም ሳያግዘው» የሚለው ግን በአንድ ስም ብቻ ይፈርሳል፤ አልፋ። የሎውማን ካለፈባቸው ማሳደጊያዎች አንዱ ኪንግስተን ውስጥ በሳውዝ ካምፕ ጎዳና ላይ የሚገኘው የአልፋ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ጸሐፊው «የሕፃናት ማሳደጊያ» ብለው በሁለት ቃል ያለፉት ቦታ በጃማይካ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንደ ዋና ምንጭ የሚቆጠር ግቢ ነው። በ1880 የተመሠረተ ሲሆን፣ ቆይቶ የካቶሊክ መነኮሳት ተረከቡት፤ ወላጅ ላጡና አስቸጋሪ ለተባሉ ልጆች ሙያ ያስተምር ነበር። እንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ ኅትመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የነሐስ መሣሪያ ባንድ። ስካ የተባለውን ሙዚቃ ለዓለም ያሰሙት ስካታላይቶች ሲቋቋሙ ከመሥራቾቻቸው አራቱ፣ ዶን ድራመንድ፣ ቶሚ ማኩክ፣ ጆኒ ሙርና ሌስተር ስተርሊንግ፣ የዚያ ግቢ ልጆች ነበሩ። ትሮምቦኒስቱ ሪኮ ሮድሪጌዝም ከዚያው ነው፤ ድምፃውያኑ ሊሮይ ስማርትና ጆኒ ኦዝቦርንም እንዲሁ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ሲስተር ሜሪ ኢግናሺየስ የተባሉ መነኩሲት ነበሩ። በ2003 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ዕድሜያቸውን ለእነዚህ ልጆች ሰጡ። ሸክላ ያሰባስባሉ፤ የራሳቸው ሳውንድ ሲስተም፣ ማለትም የጭፈራ ድምፅ ማጉያ፣ ነበራቸው፤ መነኩሲቷ ራሳቸው ሸክላ እያጫወቱ ልጆቹን ያስጨፍሩ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ቤተሰብ የሌለው ልጅ ሙዚቃ ሰው የሚሆኑበት ነገር መሆኑን ያየው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። ከአልፋ የወጣ ልጅ ሁሉ ታላቅ ሆነ እያልኩ አይደለም። ይህ ሁሉ ባለበት አገር ግን «ማንም ሳያግዘው» ብሎ መጻፍ አይቻልም ነው የምለው።

ለእኛ አንባቢ ደግሞ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባዎቹን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማያውቅ ማን ነው? «አርባ ልጆች» እያልን የምንጠራቸው፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መጥተው የአገራችንን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ከመሠረቱት መካከል እነሱ ናቸው። እነዚያ ልጆች «ብቻቸውን ወጡ» የሚል ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። መለከት የሰጣቸው፣ ያበላቸው፣ ያስተማራቸው እንዳለ እናውቃለን። ለእነሱ የምናምነውን ለኪንግስተን ልጅ ለምን እንነፍገዋለን?

ሠፈሩ ከጥይት በቀር የሰጠው የለም ወደሚለው ልለፍ። ጥይቱ ነበር። በ1980 በተካሄደው ምርጫ ዘመን በጃማይካ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች እንደተገደሉ ይነገራል፤ የምዕራብ ኪንግስተን ሠፈሮች በአገሪቱ ሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች ተከፋፍለው፣ አንዱ ከሌላው መንገድ መሻገር ሞት የሆነበት ጊዜ ነበር። የሎውማን ስሙ የገነነው ልክ በዚያ ማግስት መሆኑን ጸሐፊው በትክክል አስቀምጠዋል።

ያላዩት በዚያው ሠፈር የቆመውን ሳጥን ነው። ሳውንድ ሲስተም ማለት የሠፈር አናጢ የሚሠራው ቁም ሣጥን የሚያህል የድምፅ ማጉያ፣ የሠፈር ኤሌክትሪሺያን የሚገጥመው አምፕሊፋየር፣ ሸክላ የሚመርጥ «ሰሌክተር»፣ ማይክ ይዞ በሸክላው ላይ የሚያዜም «ዲጄ» ማለት ነው (በጃማይካ ዲጄ የሚባለው ሸክላ የሚያጫውተው ሳይሆን ማይኩን የያዘው ነው)። ግቢው በአጥር ይከለላል፤ በር ላይ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላል፤ ዳር ላይ ዓሣ የምትጠብስ፣ መጠጥ የምትሸጥ ሴት አለች። ዲጄው ጥሩ ነገር ካለ ሕዝቡ ይጮሃል፤ ሰሌክተሩ መርፌውን ያነሣና ሸክላውን እንደገና ከመጀመሪያው ያስነሣዋል። ካላለ ደግሞ ዝም ይባላል። ከዚያ ዝምታ የከበደ ፈተና የለም። የሎውማን ትምህርቱን ያጠናቀቀው በዚህ ነው፤ ኤስስ በተባለው ሳውንድ፣ ፋትሄድ ከተባለው ጓደኛው ጋር እየተቀባበለ፣ ሌሊት ከሌሊት። የእነዚህ ጭፈራዎች የካሴት ቅጂም ኒው ዮርክና ለንደን ባሉ ጃማይካውያን ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። ማንም ኩባንያ ሳያውቀው ስሙን ባሕር ያሻገረው ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅነቱን ካሳለፈባቸው ቤቶች አንዱ የማክስፊልድ ፓርክ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የሚገኘው በማክስፊልድ ጎዳና ላይ ነው። ቻነል ዋን የተባለው ስቱዲዮ፣ ሁኪም የተባሉት ቻይናዊ ጃማይካውያን ወንድማማቾች ያቋቋሙት፣ የሚገኘውም በዚያው በማክስፊልድ ጎዳና ላይ ነበር። የሎውማን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአዘጋጁ በሄንሪ «ጁንጆ» ሎዝ መሪነት፣ ሩትስ ራዲክስ ከተባለው ባንድ ጋር ስሙን ያስጠሩለትን ሥራዎች የቀዳው እዚያ ነው። በማሳደጊያ ያደገበት ጎዳናና ድምፁ የተቀዳበት ጎዳና አንድ ናቸው። ሠፈሩ ምንም አልሰጠውም ከማለት በፊት ካርታውን መመልከት ይገባ ነበር።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ነጥብ፤ «በሌላ ሰው ዜማ ላይ መለፍለፍ»።

ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ይጽፋል? አዝማሪው መሰንቆውን ይገዘግዛል፤ ዜማው የታወቀ ነው፣ የእሱ አይደለም፤ እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙ እዚያው ይወለዳል። የቤቱ ሰው የሚፈርደው ዜማውን አዲስ አደረገው ወይ ብሎ አይደለም፤ ሰምና ወርቁ ገጠመ ወይ፣ ነገሩ ነካ ወይ ብሎ ነው። ትዝታን የፈጠረው ማን ነው? ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን? ትዝታ የዘፈነን ሁሉ ሌባ ብንለው ዘፋኝ አይተርፈንም።

የጃማይካው «ሪዲም» የሚባለው ነገር፣ ማለትም የዘፋኝ ድምፅ የሌለበት የአንድ ዘፈን አጃቢ ሙዚቃ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ የሸክላው ጀርባ ድምፅ ሳይኖረው ሙዚቃው ብቻ እየታተመ መውጣት ጀመረ። ሰሌክተሩ ሸክላውን ሲገለብጠው ባዶው ቦታ ለዲጄው ሆነ። ዩ ሮይ የተባለው ዲጄ በድምፅ ባለሙያው በኪንግ ተቢ ሳውንድ ላይ ይህን ጥበብ አሳድጎ በ1970 ወደ ሸክላ አስገባው። ከዚያ በኋላ አንድ ጥሩ ሪዲም በአሥር፣ በሃያ፣ በመቶ ሰው ይዘፈንበታል፤ ማን በላዩ ላይ የተሻለ ነገር እንዳለ ሕዝቡ ያወዳድራል። የሎውማን በጣም የታወቀበት የ1983ቱ ዘፈን፣ ያ «ዙንጉዙንጉ» እያለ አፍ የሚያፍታታው፣ የተሳፈረው ድምፃዊው አልተን ኤሊስ በ1967 በስቱዲዮ ዋን ባስቀረጸው ዘፈን ሪዲም ላይ ነው። ኤሊስ የኪንግስተኑ የድሆች ሠፈር የትሬንች ታውን ልጅ ነበር። ይህን ጸሐፊው እንደ ነውር ቆጠሩት። እኔ የማየው የሠፈር ርስት ነው፤ አንዱ ትውልድ ያቆመውን ቤት ሌላው እየገባ የሚኖርበት።

ከአሜሪካ ራፕ ተኮረጀ ለሚለው ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ዘመኑ አይገጥምም። ለሂፕሆፕ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰውን የነሐሴ 11 ቀን 1973 ጭፈራ በብሮንክስ ያዘጋጀው ኩል ኸርክ ኪንግስተን ተወልዶ በ12 ዓመቱ ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ልጅ ነው። ዩ ሮይ የጃማይካን የዘፈን ሰንጠረዥ ሲቆጣጠር ያ ጭፈራ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። በኋላ ሁለቱ ሙዚቃዎች ተበዳድረዋል፤ ይህ እውነት ነው። ያ የ«ዙንጉዙንጉ» ዜማም በአሜሪካ ራፐሮች አፍ ደጋግሞ ተሰምቷል። አበዳሪውን ግን ተበዳሪ አናድርገው።

«የሬጌ ውድቀት» የሚለው ብዙ ወገኖቻችንን እንደሚማርክ አውቃለሁ። ለእኛ ሬጌ ማለት ስማችንን የሚጠራ ሙዚቃ ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 (በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል) ኪንግስተን ሲወርዱ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን እንደከበበና፣ ሞርቲመር ፕላኖ የተባሉት የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥተው ሕዝቡን ካላረጋጉ በቀር ንጉሠ ነገሥቱ መውረድ እንዳልቻሉ ያልሰማ የለም። ከዚያ ሻሸመኔ አለ፤ በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች የተሰጠው አምስት ጋሻ መሬት። ይህን የለመደ ጆሮ ስለ ሴትና ስለ ጭፈራ የሚያወራ የሎውማንን ሲሰማ የተከዳ ይመስለዋል። ስሜቱን አልነቅፍም፤ እኔም አልፌበታለሁ።

ግን ሁለት ነገር እንመልከት። አንደኛ፣ ጭፈራ ቤቱ የሬጌ ልጅ ሳይሆን እናቱ ነው። ኮክሰን ዶድና ዱክ ሪድ በ1950ዎቹ ያንቀሳቅሱ የነበረው ሳውንድ ሲስተም ነው፤ ስቱዲዮ የከፈቱት ለዚያ ጭፈራ አዲስ ሸክላ ፍለጋ ነው። ቦብ ማርሊና ጓደኞቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የቡድናቸውን የመጀመሪያ ሥራ ይዘው የሄዱት ወደ ዶድ ነበር። ያ አጥር፣ ያ ሳጥን፣ ያ ፈራጅ ሕዝብ ባይኖር ሬጌ የሚባለውም ባልመጣ። ሁለተኛ፣ በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ማይክ ብሪጋዲየር ጄሪ የሚባል ዲጄ ነበር፤ አሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤል የተባለው የራስታ ማኅበር አባል፣ ጃ ላቭ የተባለው የራስታዎች ሳውንድ ዋና ድምፅ። መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ በተመሳሳይ ሪዲም ላይ ያዜም ነበር። ሕዝቡ አንድ ሌሊት እሱን፣ ሌላ ሌሊት የሎውማንን ሊሰማ ይሄዳል። በኋላም በ1990ዎቹ ዲጄዎቹ ቡጁ ባንተንና ኬፕልተን ከዳንስሆል ውስጥ ሆነው ወደ ራስታ ዞሩ፤ ሙዚቃውን ጥለው ግን አልወጡም። መድረኩ የሚቆምበትን ሰው ነገር ይሸከማል እንጂ በራሱ ከፍ ወይም ዝቅ አይልም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር በግልጽ እሰጣለሁ። የሎውማን ብዙ ባለጌ ግጥም አለው፤ ሴትን የሚያዋርድም አለ። እኔም ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የማልከፍታቸው አሉ። «የዘመኑ ነገር ነው» ብዬ አልሸፍንለትም። ራሱም በ1994 ባወጣው አልበም ወደ ሌላ ዓይነት መልእክት አዘንብሏል።

በራስታ ስም ሠፈሩን መናቅ ደግሞ ታሪኩን ካለማወቅ ይመጣል። ጃንሆይ በጎበኙበት በዚያው በ1966 መንግሥት ባክ ኦ ዎል የተባለውን፣ ብዙ ራስታዎች የሰፈሩበትን የምዕራብ ኪንግስተን የድሆች መንደር በቡልዶዘር አፈረሰው። በቦታው ቲቮሊ ጋርደንስ የሚባሉ አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ ሠፈሩም የአንድ ፓርቲ ምሽግ ሆነ። «ሠፈሩ ጥይት ብቻ ሰጠው» ሲባል ጥይቱ ወደ ሠፈሩ በማን እጅ እንደገባ አብሮ ይነገር።

ቀረን መደምደሚያቸው፤ ያልወጣ ችሎታ የለውም የሚለው። ዶን ድራመንድን ላንሣ። የአልፋ ልጅ ነው፤ በትሮምቦን አቻ አልነበረውም። የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ የሚወዳትን ሴት ገድሎ በ1969 በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። ችሎታ ጎደለው? ፓን ሄድና ደርትስማን የተባሉት ዲጄዎች በ1993 በጥይት ተገደሉ፤ ሁለቱም ገና ወጣት ነበሩ። ኪንግ ተቢ ራሱ በ1989 በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። እነዚህ ሰነፎች ነበሩ?

«ሠርቶ በላ፣ ከበረ» ለሚለውም እንዲሁ። ጃማይካ ዘመናዊ የቅጂ መብት ሕግ ያወጣችው በ1993 ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ዲጄ ስቱዲዮ ገብቶ ይዘፍናል፣ አንዴ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል፤ ሸክላው ዓለምን ቢዞር ለእሱ አይዞርም። የብሪጋዲየር ጄሪ ታናሽ እህት ሲስተር ናንሲ በ1982 የዘፈነችው «ባም ባም» በዓለም ላይ በብዛት ከሚሰሙት የዳንስሆል ዘፈኖች አንዱ ነው። እሷ ግን ለ30 ዓመታት ያህል ከዘፈኑ የሚገባትን አላገኘችም፤ አሜሪካ ሄዳም ባንክ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ችሎታ ከየትም ይወጣል ማለት ቀላል ነው። የወጣውን ማን እንደወሰደው መጠየቅም ያስፈልጋል።

የሎውማንም ቢሆን ዳር የደረሰው በጥቂት ነው። ሲቢኤስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በ1984 አልበሙን ሲያወጣለት ካንሰር ይዞት ነበር፤ ብዙ እንደማይኖር ተነግሮት ነበር። በኋላ ቀዶ ሕክምናው የመንጋጋውን ክፍል ወስዶ ፊቱን ለወጠው። ያኔ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊያችን ስለ እሱ ምን ሊጽፉ ነበር? ችሎታው ያው ነበር፤ ትጋቱም ያው። ተረፈ፤ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አገሩ የክብር ኒሻን ሰጠችው። ደስ ብሎኛል፤ እንደ ዘመዴ ነው ደስ ያለኝ። ግን በጥቂት የተረፈን ሰው አንሥቶ ያልተረፉትን መክሰስ ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ ልጆች ምክር ከተሰጠ «አትነጫነጩ» የሚለው አይደለም መሰጠት ያለበት። ምክሩ መድረስ ያለበት ለልጆቹ ሳይሆን ለእኛ ለአዋቂዎቹ ነው። በየቀበሌው ኪነት በነበረበት ዘመን ድሃ ልጅ ጊታር የሚነካበት ክፍል ነበረው። የዚያ ዘመን ፖለቲካ ብዙ መከራ እንዳመጣ አልረሳም፤ ኪነቱም ቅስቀሳ ነበረበት። ግን ክፍሉ ነበር፤ ከበሮው ነበር፤ ልጁ ሲያበላሽ የሚያርመው ታላቅ ነበር፤ ዛሬ በአድናቆት የምንጠራቸው ስንት ድምፃውያን ከዚያ ወጥተዋል። አሁን በሠፈሬ ያሉ ልጆች ማታ ማታ ኮብልስቶኑ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ስልክ ቢት ከፍተው በየተራ ይገጥማሉ። ሳያቸው የኪንግስተኑ ግቢ ትዝ ይለኛል፤ ሳጥኑ ነው የጎደላቸው።

የአልፋ አዳሪ ትምህርት ቤት በ2014 ተዘግቶ አልፋ ኢንስቲትዩት በሚል ስም የቀን ማሠልጠኛ ሆኗል። ሙዚቃው ግን አልቆመም፤ በዚያው በሳውዝ ካምፕ ጎዳና፣ በዚያው ግቢ፣ ዛሬም የድሃ ልጆች መለከት ይዘው ይለማመዳሉ። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ከዚያ ግቢ ቢጀምሩት በደስታ አነብላቸዋለሁ።